ጣሪያውን ተዉት፣ ወለሉን ንገሩኝ

ስለ ቫይብሬተር ልጽፍ ነው። ይህን አንብቦ ገጹን የሚዘጋ ሰው ቢኖር አልቀየመውም። እኔም ከአምስት ዓመት በፊት ብሆን እዘጋው ነበር፤ ማታ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ተመልሼ እከፍተው ነበር። አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ አሁን በርሊን ውስጥ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ። ሞተር ምን እንደሆነ፣ ባትሪ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ለማለት ያህል ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የመጀመሪያዬን ስገዛ ግን እንደማንም ሰው ተሸወድኩ።

ጀርመን በዚህ ንግድ ቀዳሚ አገር ናት። ቤአቴ ኡዜ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1962 ፍሌንስቡርግ ላይ የከፈተችው ሱቅ የዓለም የመጀመሪያው የወሲብ ዕቃ መደብር ተብሎ ይቆጠራል። ስድሳ ዓመት የሸጠ አገር ቢያንስ ገዢን መጠየቅ ያውቅበታል ብዬ ነበር። የገባሁበት ሱቅ እንደ ሽቶ ቤት የሚያበራ ነው፣ ሻጯም ደግ ነበረች። የጠየቀችኝ ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ምን ያህል ገንዘብ እንዳሰብኩና ምን ያህል ጠንካራ እንደምፈልግ። ገንዘቡን ነገርኳት። ሁለተኛውን ከምን ጋር አነጻጽሬ ልመልስ? በርበሬ ቀምሶ የማያውቅን ሰው «ምን ያህል ያቃጥል?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። «ጥሩ ይሁንልኝ» አልኳት። ጥሩ ማለት ጠንካራ ማለት ሆኖ ተገኘና፣ ካርቶኑ ላይ «እጅግ ኃይለኛ፣ 10 ስልት» የተጻፈበትን ዕቃ 89 ዩሮ ከፍዬ ይዤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አደረግሁት። መጀመሪያ እንደ ማሳከክ፣ ቀጥሎ እንደ መቆጥቆጥ፣ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ምንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ችግሩ እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። የገዢዎች አስተያየት አነበብኩ፤ አብዛኛው «ለእኔ አልበቃኝም፣ ከዚህ የበለጠ ኃይል ቢኖረው» የሚል ነው። ጠንካራው አምስት ኮከብ፣ ለስላሳው ሦስት። እኔ ታዲያ ምንድነኝ? ገላዬ ስስ ነው፣ የሆነ ነገር ጎድሎኛል፣ ወይም ከእነዚህ ሰዎች የተለየ ቆዳ ነው ያለኝ።

አሁን የምለው ይህ ነው፦ ገበያው የሚሸጥልን ጣሪያ ነው። ለራሷ ስሜት የሚስማማውን ለምትፈልግ ሴት ወሳኙ ግን ወለሉ ነው፤ ዕቃው ምን ያህል ዝቅ ማለት ይችላል፣ ከዚያስ በምን ያህል ትንንሽ እርምጃ ነው ከፍ የሚለው? ይህን የሚናገር ካርቶን እስካሁን አላጋጠመኝም። (በሴት ፆታ የምጽፈው ከራሴ ስለምነሳ ነው፤ ወንዶችም ሊያነቡት ይችላሉ፣ የእነሱም ቆዳ ቆዳ ነው።)

አብዛኛው ቫይብሬተር ውስጥ ያለው፣ ድሮ ሞባይላችንን ኪሳችን ውስጥ ያንቀጠቅጥ የነበረው ዓይነት ሞተር ነው። ዘንጉ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ትንሽ ክብደት አለ፤ ሲሽከረከር ሚዛኑን ስለሚስት ዕቃው በሙሉ ይነዝራል። ችግሩ በዚህ ሞተር ፍጥነትና ጉልበት የተጣበቁ መሆናቸው ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ዝግ ያለ ግን ጠለቅ የሚል ንዝረት ከተፈለገ ክብደቱ ትልቅ መሆን አለበት፤ ትልቅ ክብደት ደግሞ ትልቅ ሞተር፣ ትልቅ ባትሪ፣ ትልቅ ወጪ ነው። ርካሹ መንገድ ትንሽ ሞተር አስገብቶ በፍጥነት ማሾር ነው። ልዩነቱን ለማስረዳት የሠፈራችንን ወፍጮ ቤት አስታውሳለሁ። ገና ሳይደርሱበት መሬቱ በእግር ሥር ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ጆሮ አጠገብ የምትጮህ ትንኝ ግን ጥዝዝ ከማለት አልፋ የትም አትደርስም። ሁለቱም ንዝረት ናቸው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም «ኃይለኛ» ተብለው አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ።

ቆዳም አንድ ጆሮ ብቻ አይደለም ያለው። በጀርመናዊው ጌኦርግ ማይስነር ስም የሚጠሩት የንክኪ ተቀባዮች ለላይኛው ቆዳ ቅርብ ሆነው ዘገም ያለውን፣ በሰከንድ ከ10 እስከ 50 ጊዜ ገደማ የሚመላለሰውን ይሰማሉ። በጣሊያናዊው ፊሊፖ ፓቺኒ ስም የሚጠሩት ደግሞ ጠለቅ ብለው ተቀምጠው 250 ኸርዝ አካባቢ ላይ እጅግ ንቁ ይሆናሉ። ጠንካራና የማያቋርጥ ንዝረት ሲደርስባቸው ይለምዱታል፤ ማለትም ለመስማት የሚጠይቁት መጠን ከፍ ይላል። ያ ነው የደነዘዘኝ። ቆም ሲሉ ይመለሳል እንጂ የተበላሸ ነገር የለም፤ በዚያን ሰሞን ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ እተርፍ ነበር።

ኤርንስት ቬበር የሚባል ጀርመናዊ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ቀላል ነገር አሳይቷል፦ ለውጥን የምናስተውለው በመጠኑ ሳይሆን ቀድሞ ከነበረው ጋር በማነጻጸር ነው። መብራት በጠፋበት ቤት አንድ ሻማ ለኩሰው ሁለተኛ ቢጨምሩ ሁሉም ያያል። ሃያ ሻማ በበራበት ላይ አንድ ቢጨመር ማንም ዞር አይልም። ስለዚህ ደረጃዎቹ ከታች እጅግ ቀጫጭን፣ ከላይ ሰፋፊ መሆን ነበረባቸው። እኔ የገዛሁት ግን እኩል እኩል ከፋፍሏቸዋል። ከታች ያለነው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እንደ ገደል እንዘላለን፤ ከላይ ያሉት ሰባተኛውንና ስምንተኛውን መለየት እንኳ አይችሉም።

ለካሁት። ምን ላድርግ፣ ሙያዬ ነው። የስልክ የእንቅስቃሴ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ጥቂት መቶ ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ፣ ከንባቡ ግማሽ በላይ የሚፈጥነውን ነገር በትክክል አያይም፤ የሁለተኛ ዓመት የሲግናል ትምህርት ለዚህ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ማይክሮፎኑ ግን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይሰማል። ዕቃውን ከስልኩ አጠገብ ፎጣ ላይ አስቀምጬ ድምፁን ቀዳሁና ወደ ፍሪኩዌንሲ ቀየርኩት። ዝቅተኛው ደረጃ 105 ኸርዝ፣ ከፍተኛው 160። ክብደቱ ያው አንድ ነው፤ ስለዚህ ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ይሰላል። ውጤቱ፦ «ዝቅተኛ» የሚሉት የከፍተኛውን 43 በመቶ ነው። መሬት ላይ ነኝ ብዬ የቆምኩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

ሞተሩ ከዚያ በታች መውረድ ስለማይችል ነው የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር ከቆመበት ለመነሳት የሚፈልገው ቮልቴጅ፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ ለመቀጠል ከሚፈልገው ይበልጣል። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው። ለቅጽበት ገፋ ያደርጉታል፣ መዞር ሲጀምር ወዲያው ይቀንሱለታል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። እነዚያን መስመሮች ለመጻፍ ጊዜ ያጣው ፕሮግራመር ግን አሥር «ስልት» ለመጻፍ ጊዜ ነበረው። ስልት የሚሉት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ የቁጥሮች ዝርዝር። ዜሮ፣ መቶ፣ ዜሮ፣ መቶ፤ ይህ «ማዕበል» ይባላል። ሃምሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ፤ ይህ «ፍቅር» ይባላል። ካርቶን ላይ ለመጻፍ ካልሆነ ለማን ነው? ዝቅተኛው ስንት ኸርዝ እንደሆነ ጠይቄ ለአምራቹ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ለጠንካራው ሞዴል የ15 በመቶ ቅናሽ ኩፖን ላኩልኝ።

«የእያንዳንዱ ሰው ገላ ይለያያል» ይሉናል። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ጋሻ ነው የሚይዟት፤ ስለሚለያይ ምንም ልንላችሁ አንችልም ለማለት። እግርም ይለያያል እኮ! ስለሚለያይ አይደል እንዴ ጫማ ላይ ቁጥር የተጻፈው? መለያየታችን ቁጥር ለመንፈግ ሳይሆን ቁጥር ለመስጠት ነው ምክንያት መሆን ያለበት።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ሂታቺ «ማጂክ ዋንድ» የተባለውን ትልቁን ማሳጅ ማድረጊያ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያወጣ ሁለት ፍጥነት ብቻ ነበረው፤ ሁለቱም ብርቱ። ቤቲ ዶድሰን በኒውዮርክ ለሴቶች በምትሰጠው ትምህርት በዚህ መሣሪያ ስታስተምር፣ ንዝረቱን እንዲያለዝብላቸው ትንሽ ፎጣ በመሃል እንዲያደርጉ ትመክር ነበር። ፎጣ! ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ ባትሪው ተቀየረ፣ ቀለሙ አማረ፣ ብሉቱዝ ገባለት። ዛሬም ለስስ ሴት የሚሰጣት ምክር «በልብስ ላይ ሞክሪው» ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም እሰጠዋለሁ። ግን የፎጣ ምክር ሃምሳ ዓመት ከኖረ ዕቃው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስህተት ነበር ማለት ነው።

እስኪታረሙ ድረስ ታዲያ እንዴት ይመረጣል? ሱቅ ውስጥ ለማሳያ የወጣ ካለ በመዳፍሽ አትመዝኚው፤ አፍንጫሽ ጫፍ ላይ አስነኪው። አፍንጫሽን የሚያሳክክሽ ከሆነ ትንኝ ነው፣ ተይው። ስትፈትኚ ከፍተኛውን ሳይሆን ዝቅተኛውን ፈትኚ፤ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ የሚያስደነግጥሽ ከሆነም ተይው። ሰፊ ራስ ያለው ንዝረቱን ይበትነዋል፣ ሹል ጫፍ ያለው በአንድ ነጥብ ላይ ያከማቸዋል፤ ለስስ ቆዳ ሰፊው ይሻላል፣ ብዙ ኃይል ለሚፈልግ ገላ ደግሞ ሹሉ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይሠራል። ለስላሳ ሲሊኮን ከጠንካራ ፕላስቲክ ይልቅ ጥዝታውን ይውጣል። በአየር ግፊት የሚሠሩትም አሉ፤ የመጀመሪያው «ዉማናይዘር» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚሁ ከጀርመን፣ ከባየርን ነው የወጣው። ሳይነኩ ስለሚሠሩ ለስስ ሰው ተብለው ይሸጣሉ፤ ለአንዳንዷ እውነት ነው፣ ለአንዳንዷ ግን የእነሱም ወለል ከፍ ያለ ነው፣ እንደገና ያው ጥያቄ። ማለስለሻ ቅባት አትርሺ፤ ዕቃው ሲሊኮን ከሆነ ቅባቱ ውሃ ላይ የተመሠረተ ይሁን፣ በሲሊኮን የተሠራው ገጹን ሊያበላሸው ይችላል። በአፕ የሚታዘዙት አንዳንዴ ደረጃውን በጣት እየጎተቱ እንደልብ ዝቅ ለማድረግ ይመቻሉ፤ እኔ ግን በሙያዬ ምክንያት አልወዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2017 «ዊ-ቫይብ» የሚባለውን የሚሠራው የካናዳ ኩባንያ የተጠቃሚዎችን የንዝረት መጠን ጭምር ሲሰበስብ ተከስሶ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የማን ሰርቨር ላይ እንደምተኛ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለ ዕቃው ጥሬ ነገር አንድ ነገር ብቻ፦ የሚሸት፣ የሚያጣብቅ፣ እንደ ጄሊ የሚለጠጥ ፕላስቲክ አትግዢ። አውሮፓ ኅብረት ፕላስቲክ የሚያለሰልሱ አንዳንድ ፋታሌቶችን በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ እንዳያልፉ ሲከለክል የአዋቂዎቹ መጫወቻ በዚያ ሕግ ውስጥ አልነበረም። ለእነዚህ ዕቃዎች የተለየ ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ አይሶ 3533 ይባላል። ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ ሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ።

ይህን ሁሉ ለራሴ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። እኔ መልሼ፣ ቀይሬ፣ ለክቼ የሚሆነኝን አግኝቻለሁ። ባለፈው ፋሲካ የአክስቴ ልጅ ከሽቱትጋርት መጥታ እኔ ጋ ሰነበተች። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ከባሏ ከተለያየች ሦስት ዓመቷ ነው። ቡና አፍልተን ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጠረጴዛዬ ላይ የተበታተነውን ሞተር አየች። ዋሸኋት፤ የሥራ ነው አልኳት። ሳቀችብኝና «አንቺ ልጅ፣ እኔን ልትሸውጂ!» አለች። ከዚያ ሲኒዋን እያሽከረከረች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ለእኔማ ምን ያደርግልኛል? እኔ'ኮ ተቆርጬ ነው ያደግኩት» አለችኝ።

ወልድያ አካባቢ ነው የተወለደችው። ገና የቀናት ልጅ ሳለች ነው የተገረዘችው፣ አታስታውሰውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ክልል ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ወንጀል አድርጎታል፤ የአክስቴ ልጅ ግን ያኔ አድጋ ነበር። እኔና እሷ የአንድ አያት ልጆች ነን። እኔ የተረፍኩት አዲስ አበባ በመወለዴ ነው፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለውም።

ቂንጥር የሚለውን ቃል ልጻፈው፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ ቃል ነው፣ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ከእኛ ብዙም አይሻሉም። አውስትራሊያዊቷ የዩሮሎጂ ሐኪም ሄለን ኦኮኔል የዚህን አካል ሙሉ ቅርጽ በደንብ አሳይታ የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ለብዙ ዓመት «8,000 የነርቭ ጫፍ አለው» ሲባል የኖረው ቁጥር ደግሞ ከላሞች ላይ ከተሠራ ጥናት የመጣ ነው ይባላል፤ በሰው ላይ ሲቆጠር፣ ኦሪገን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ከ10,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በላም ቁጥር ነበር የምንኖረው።

የኦኮኔል ሥራ ለአክስቴ ልጅ ዋናው ነገር ነው። ከውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው፤ አብዛኛው አካል ከቆዳው ሥር፣ በግራና በቀኝ ወደ ውስጥ የሚዘረጋ ነው። ተቆርጧል የሚባለው ብዙ ጊዜ ያ የሚታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጣሊያን ሐኪሞች ጥናትም ከተገረዙ ሴቶች ብዙዎቹ እርካታ ላይ እንደሚደርሱ መናገራቸውን መዝግቧል። ይህን ነገርኳት። ሐኪም አይደለሁም፤ ሕመም ካለሽ እዚሁ በርሊን ቫልድፍሪደ ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለተገረዙ ሴቶች የተከፈተ «የበረሃ አበባ» የሚባል ማዕከል አለ፣ ይዤሽ እሄዳለሁ አልኳት። ሕመም የለኝም አለች። «አንዳንዱ ቦታ እንጨት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሲነካ ያስዘልለኛል» አለችኝ። ጠባሳ እንዲህ ነው፤ በአንድ ጣት ርቀት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ያደርግሻል።

እንግዲህ «ምን ያህል ጠንካራ ትፈልጊያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ለእሷ ጠይቋት። እንጨት በሆነው ቦታ ላይ ጥዝዝ የሚለው ከቆዳ አያልፍም፤ በሚያስዘልላት ቦታ ላይ ደግሞ ኃይለኛው ቅጣት ነው። የሚያስፈልጋት ሰፊ፣ ዝግ ያለ፣ ጠለቅ የሚል፣ ከምንም ተነስቶ በትንሽ በትንሹ የሚያድግ ነገር ነው። «ኃይለኛ» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን ሁለት ጊዜ ይሳሳትባታል። ሱቁ ውስጥ «ለጀማሪ» የሚል መደርደሪያ አለ፣ «ለደፋር» የሚልም አለ። ለእሷ የለም። ከአገሬ ሴቶች ለአብዛኞቹ የለም።

ይህን ለአንዲት ወዳጄ ሳወራ «ተይ ባክሽ፣ ይሄ የፈረንጅ ብልግና ነው» አለችኝ። ግርዛቱ የፈረንጅ አልነበረም። ሌላዋ ደግሞ ዘመናዊ ነኝ ባይ ናት፤ «ከለመድሽው ስሜትሽን ጨርሶ ያጠፋዋል» ብላ አስጠነቀቀችኝ። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ቫይብሬተር ከተጠቀሙ አሜሪካውያት 71.5 በመቶዎቹ ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ችግር ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናግረዋል፤ የቀሩት የጠቀሱትም በአብዛኛው ወዲያው የሚያልፍ ነገር ነበር። በሦስተኛ ወገን «ጠንካራውን የመረጠች ነፃ የወጣች ናት» የሚሉትም አሉ። እነዚህ ይበልጥ ያናድዱኛል። እናቶቻችን «ቻይው» ሲሉን አድገን፣ አሁን ደግሞ ደስታውንም ቻይው?

ሰኞ ከሥራ በኋላ አብረን ሄድን። ሻጯ ሌላ ናት፣ ጥያቄው ያው ነው። እኔ በጀርመንኛ ስለ ኸርዝ ስከራከር የአክስቴ ልጅ ራሷ አንዱን አነሳችና አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አስነካችው። መለሰችው። ሌላ አነሳች፣ መለሰችው። አራተኛው ትልቅና ክብ ራስ ያለው፣ ከበድ የሚል ነበር፤ እሱ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ የመቀነሻውን ቁልፍ ተጫነች። እንደገና ተጫነች። ቁልፉን እየተጫነች ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሻጯ እንደማትሰማ እያወቀች፣ «ከዚህ በታች የለውም?» አለችኝ።

ጠየቅሁላት። የለውም።